ሪፈር ይዛችሁ ሂዱ
አዲስ አበባ ላይ ያላችሁ፣ ውስጣችሁ ከከበዳችሁ ወይ እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ፣ የግል ክሊኒክ ዋጋ ሰምታችሁ ተስፋ አትቁረጡ። መጀመሪያ የሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከዚያ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ወይም ወደ ሌላ የመንግሥት ሆስፒታል ሪፈር ይጽፉላችኋል፤ በተለይ የጤና መድን ካላችሁ ያቺን ወረቀት ሳትይዙ እንዳትሄዱ፣ ያለ እሷ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። አማኑኤል ሲባል ሰው ይደነግጣል፣ እኔም እህቴን ይዤ ስሄድ በሩ ላይ እግሬ ተሳስሮ ነበር፤ ውስጥ ግን ተራ የሚጠብቀው እንደኛው ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ ከሥራ አስፈቅዶ የመጣ ሰው ነው። በጠዋት ድረሱ፣ መታወቂያ ያዙ። ሐኪሙን ደግሞ «ከመድኃኒቱ ሌላ የምክር አገልግሎት አለ ወይ?» በሉት፣ አትፈሩ።