መዝገብዎን ላላየ ሰው ችግሩን ማስረዳት፦ ከሂሳብ ሶፍትዌር ተጠቃሚዎች እርዳታ እንዴት ይገኛል?

የሂሳብ ሶፍትዌር ያስቸገረው ሰው ብዙውን ጊዜ በቴሌግራም ቡድን ውስጥ የሚጽፈው «ፒችትሪ አልሠራ አለኝ፤ እባካችሁ ተባበሩኝ» የሚል አንድ መስመር ነው። መልእክቱን ያነበበው የሙያ ባልደረባ ለመርዳት ፈቃደኛ ቢሆንም የሚጀምርበትን ጫፍ አያገኝም። የትኛው ስሪት እንደሆነ፣ ምን ሲሠራ እንደቆመ፣ ምን ዓይነት ማስጠንቀቂያ እንዳወጣ አንድ በአንድ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ጥያቄና መልሱ ሲመላለስም ቀኑ ይመሻል። ረጂው መዝገቡን ስለማያየው፣ ስለ ችግሩ የሚያውቀው እርስዎ የጻፉለትን ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ለግል ወይም ለአነስተኛ ንግድ ሂሳብ እንደ ፒችትሪ፣ ኩዊክቡክስ ወይም ግኑካሽ ባሉ ፕሮግራሞች የሚሠራ ሰው እርዳታ ከመጠየቁ በፊት፣ ሲጠይቅና መልስ ካገኘ በኋላ ሊያደርጋቸው የሚገቡትን ነገሮች ያብራራል።

በመጀመሪያ የጥያቄውን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። «ደረሰኙ ላይ የደንበኛው አድራሻ አልወጣም» የሚለው የሶፍትዌር ጥያቄ ስለሆነ ያንኑ ፕሮግራም የሚጠቀም ሁሉ ሊመልሰው ይችላል። «ባለቤቱ ከካዝናው ለቤቱ ወጪ የወሰደው ገንዘብ በየትኛው ሂሳብ ይመዝገብ?» የሚለው ግን የሂሳብ አያያዝ ጥያቄ ነው፤ መልሱ በፒችትሪም ሆነ በወረቀት መዝገብ አንድ ስለሆነ የፕሮግራሙን አዝራሮች መደርደር አይጠቅመውም። «ይህ ወጪ ለግብር ተቀናሽ ይሆናል ወይ?» የሚለው ደግሞ የሕግ ጥያቄ ነው። ለዚህ የግብር ከፋዩን ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ወይም ከኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ያለውን ባለሙያ መጠየቅ ይገባል እንጂ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ተጠቃሚ በሰጠው አስተያየት ላይ ተመሥርቶ ግብር ማሳወቅ አደገኛ ነው። ሦስቱን በአንድ አንቀጽ ቀላቅሎ የጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለስለት ቀላሉ ብቻ ነው።

ቀጥሎ በራስ አቅም ሊፈተሽ የሚችለውን መፈተሽ ይገባል። እኩል መሆን የነበረባቸው ሁለት ድምሮች ሲለያዩ የሂሳብ ሰዎች ከወረቀት ዘመን ጀምሮ የሚጠቀሙባቸው የልዩነት መፈተሻዎች በኮምፒውተር ዘመንም ይሠራሉ። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ገብተው ሊሆን ይችላል፤ 5,400 ብር በስህተት 4,500 ተብሎ ሲመዘገብ ልዩነቱ 900 ነው፤ 900 ደግሞ ለ9 ይካፈላል። ልዩነቱን ለ2 አካፍለው ያገኙት ቁጥር በመዝገቡ ውስጥ ካለ፣ ያ ገንዘብ በዴቢት ፈንታ በክሬዲት፣ ወይም በክሬዲት ፈንታ በዴቢት ተመዝግቦ እንደሆነ ይመልከቱ። የተጨማሪ እሴት ታክስ ልዩነት ከሆነ ደግሞ ታክሱ ከየትኛው ዋጋ ላይ እንደተሰላ ያረጋግጡ። ታክሱን ጨምሮ 1,150 ብር በተሸጠ ዕቃ ውስጥ ያለው የ15 በመቶ ታክስ 150 ብር ሲሆን፣ 15 በመቶውን ከጠቅላላው 1,150 ላይ ያሰላ ሰው ግን 172 ብር ከ50 ሳንቲም ያገኛል። ይህ የ22 ብር ከ50 ልዩነት የፕሮግራሙ ስህተት እየተባለ ሲጠየቅ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ፕሮግራሙ ራሱ የሚሰጠውንም ምልክት ማንበብ ያስፈልጋል። በግኑካሽ «ኢምባላንስ» የሚል ስምና የገንዘቡን መለያ የያዘ ሂሳብ ሳይፈጥሩት ብቅ ካለ፣ አንድ ምዝገባ ዴቢቱና ክሬዲቱ ሳይመጣጠን ቀርቷል ማለት ነው። ያን ሂሳብ ከፍቶ በውስጡ ያሉትን ምዝገባዎች ወደ ትክክለኛ ሂሳባቸው ማዛወር ብቻውን ችግሩን ይፈታል። ፋይሉ ተቆልፏል የሚል መልእክት የመጣበት ሰውም በቅድሚያ ያንኑ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ የከፈተው ሰው አለመኖሩን ያረጋግጥ፤ ግኑካሽ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አንድ መዝገብ ላይ እንዲጽፍ ተብሎ የተሠራ አይደለምና።

እነዚህ ካልፈቱት መጠየቅ ተገቢ ነው። በጥያቄው ውስጥ የፕሮግራሙ ስምና ስሪት፣ የኮምፒውተሩም ስርዓተ ክወና መገለጽ አለበት። ሴጅ ኩባንያ ፒችትሪን ሴጅ 50 ብሎ ከሰየመው ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም እኛ ዘንድ ሁሉም «ፒችትሪ» ስለሚባል፣ የ2010ሩን የሚጠቀም ሰውና አዲሱን የሚጠቀም ሰው ስለ አንድ ነገር የሚነጋገሩ እየመሰላቸው ይለያያሉ። በአዲሱ ስሪት የተወሰደ ባክአፕ በአሮጌው ላይ አይከፈትም፤ ስለዚህ «ባክአፑ እንቢ አለኝ» ለሚል ሰው ስሪቱን መናገር ራሱ ግማሽ መልስ ነው። ኩዊክቡክስም ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውና በኢንተርኔት የሚሠራው ሜኑአቸው የተለያየ በመሆኑ የትኛው እንደሆነ ይገለጽ። የስህተት መልእክቱ በእንግሊዝኛ ከወጣ ሳይተረጎምና ሳያጥር፣ ፊደል በፊደል እንዳለ ይገልበጥ፤ ረጂው የሚፈልገው እርስዎ የተረዱትን ትርጉም ሳይሆን ፕሮግራሙ የጻፈውን ቃል ነው።

ቀንን በተመለከተ ለኛ አገር ተጠቃሚዎች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ሲሆን፣ ሐምሌ 1 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ጁላይ 8 ላይ ይውላል። ፕሮግራሞቹ በአብዛኛው የሚያውቁት የአውሮፓውያኑን ወር ነው። ዓመቱን በጁን 30 የዘጋ መዝገብ እኛ የሰኔ መጨረሻ የምንላቸውን ሰባት ቀናት ወደ አዲሱ ዓመት ያሻግራቸዋል። «የሰኔ ሽያጭ ከሪፖርቱ ጎድሏል» ብሎ መጠየቅ ስለዚህ አሻሚ ነው፤ የትኛው ሰኔ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን የተጠየቀ ሪፖርት እንደሆነ በሁለቱም አቆጣጠር ቢጻፍ፣ ጠያቂው ራሱ ጥያቄውን ጽፎ ሳይጨርስ መልሱን የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንድ የተሟላ ጥያቄ ምን እንደሚመስል በምሳሌ ላሳይ፤ ጉዳዩ ማስታረቅ፣ ማለትም የመዝገቡን የባንክ ሂሳብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከር ነው። «ግኑካሽ 5.5ን በዊንዶውስ 10 ላይ እጠቀማለሁ። የባንክ ሂሳቤን ለማስታረቅ መስኮቱን ስከፍት መነሻ ሂሳቡ 50,700 ብር ይላል፤ ባለፈው ወር አስታርቄ የጨረስኩት ግን በ48,400 ብር ነበር። ልዩነቱ 2,300 ብር ነው። በመካከሉ ያደረግሁት ለውጥ ቢኖር፣ ቀኑ የተሳሳተ የ2,300 ብር የቼክ ክፍያ ሰርዤ በትክክለኛው ቀን እንደገና መመዝገቤ ነው። መነሻውን ወደ 48,400 እንዴት ልመልሰው?»

ይህን ጥያቄ ልምድ ያለው ሰው በአንድ ንባብ ይመልሰዋል። ግኑካሽ መነሻ ሂሳብ የሚባል ቁጥር ለብቻው አያስቀምጥም፤ የታረቁ ተብለው ምልክት የተደረገባቸውን ምዝገባዎች በየጊዜው ደምሮ ያወጣዋል። የተሰረዘው ክፍያ ምልክቱ የነበረበት በመሆኑ ሲጠፋ ድምሩ በ2,300 ከፍ አለ፤ በአዲስ የገባው ክፍያ ደግሞ ገና ምልክት የለውም። ስለዚህ መነሻውን ለመመለስ ምንም ማስተካከያ መመዝገብ አያስፈልግም፤ በዚህ ወር ማስታረቂያ ላይ ያንን ክፍያ ከሌሎቹ ጋር ምልክት ማድረግ ልዩነቱን ይዘጋዋል። ጠያቂው የፈለገው መነሻውን «መመለስ» ነበር፤ ይህ ግን የማያስፈልግ ሥራ ነው። ከቁጥሮቹ ጋር በመካከሉ ያደረገውንም ስለጻፈ ረጂው ሐሳቡን ለማቃናት ቻለ። «መነሻ ሂሳብ እንዴት ይቀየራል?» ብቻ ቢል ኖሮ አንዱ ደግ ሰው ማመጣጠኛ ምዝገባ እንዲያስገባ ይመክረው ነበር፤ ያኔ 2,300 ብሩ ሁለት ቦታ ይበላሻል። እኔ በበኩሌ ከጥያቄው ክፍሎች ሁሉ አብልጬ የምፈልገው «ከመበላሸቱ በፊት የነካሁት ይህ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጠያቂዎች ግን እያፈሩም ይሁን እየረሱ ብዙ ጊዜ የሚያስቀሩት እርሱን ነው።

ሌላው ጉዳይ ምስጢር ነው። ስክሪንሾት ከመላክዎ በፊት የድርጅቱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ የደንበኞች ስምና የሠራተኞች ደመወዝ መሸፈናቸውን ያረጋግጡ፤ ሙሉውን የመዝገብ ፋይል ለማያውቁት ሰው መላክማ ጨርሶ አይገባም። ከዚህ የተሻለ ዘዴ ችግሩን በሙከራ መዝገብ ላይ ደግሞ ማሳየት ነው። ፒችትሪ ሲጫን ቤልዌዘር ጋርደን ሰፕላይ የሚባል የልምምድ ድርጅት አብሮት ስለሚመጣ፣ «ቤልዌዘርን ከፍታችሁ እንዲህና እንዲህ ብታደርጉ ይኸው ስህተት ይመጣል» ሲባል ረጂው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሊሞክረው ይችላል። በልምምዱ መዝገብ ላይ ችግሩ ካልታየ ደግሞ ጥፋቱ ከራስዎ መዝገብ አቀማመጥ እንደሆነ ይገመታል፤ ይህም ለጥያቄው የሚጨመር ጥሩ መረጃ ነው። ኮምፒውተርን ከሩቅ ሆኖ ለመቆጣጠር የሚያስችለውን ፕሮግራም ጠቅሶ «ኤኒዴስክ ክፈትልኝና ልሥራልህ» የሚል እንግዳ ቢመጣ ግን ምስጋና አቅርቦ መተው ይሻላል፤ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ከሂሳቡ ሌላ የባንክ የይለፍ ቃልም ሊኖር ይችላልና።

መልስ ሲገኝ መልሱ ከየት አገር እንደመጣ ማመዛዘን ያሻል። ዋሽንግተን ውስጥ ሱቅ ያለው ወገናችን ስለ ኩዊክቡክስ የሚሰጠው ምክር ስለ አዝራሮቹ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በአሜሪካ ያለው ግን ክፍለ ግዛቶች የሚጥሉት የሽያጭ ታክስ በመሆኑ፣ ለራሱ መገልገያ ዕቃ የገዛ ነጋዴ የከፈለውን ታክስ በዕቃው ዋጋ ላይ ደምሮ ይመዘግበዋል። በኢትዮጵያ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ ግን ለንግዱ ሲገዛ የከፈለውን ታክስ ከሽያጭ ከሰበሰበው ላይ ስለሚያቀናንስ ለብቻው ሊይዘው ይገባል። ያንን ምክር እንዳለ የወሰደ ሰው መልሶ የሚያገኘውን ገንዘብ ወጪ ውስጥ ይጥለዋል።

ማንኛውንም ምክር ከመሞከርዎ በፊት ባክአፕ ይውሰዱ፤ በፋይሉም ስም ላይ ቀኑንና «ከእርማት በፊት» የሚል ቃል ይጨምሩ። በፒችትሪ ባክአፑን እንደ አዲስ ድርጅት መልሶ መክፈት ስለሚቻል፣ ምክሩን መጀመሪያ በዚያ ቅጂ ላይ ሞክሮ ማየት ይሻላል። ግኑካሽ በተለመደው የፋይል ዓይነቱ ሲቀመጥ ቀንና ሰዓት ያለው የቀድሞ ቅጂ እዚያው አጠገብ ያኖራል። መዝገቡ ኤስኪዩላይት በሚባለው የዳታቤዝ ዓይነት ከተቀመጠ ግን ይህን ስለማያደርግ ፋይሉን በእጅ መቅዳት ያስፈልጋል። በተለይ «የበጀት ዓመቱን ዝጋውና ይስተካከላል» የሚል ምክር ያለ ባክአፕ ፈጽሞ አይሞከር፤ በፒችትሪ የተዘጋን ዓመት ወደ ነበረበት ለመመለስ አስተማማኙ መንገድ ከመዘጋቱ በፊት የተወሰደው ባክአፕ ነው።

ችግሩ ሲፈታ የትኛው ምክር እንደሠራና ምን እንደነበረ በዚያው በጠየቁበት ቦታ መልሰው ይጻፉ፤ «ተፈቷል፣ አመሰግናለሁ» ብቻ ከሆነ ነገ ያው ችግር ለገጠመው ሰው ምንም አይነግረውም። በራስዎ መዝገብም ላይ፣ የተስተካከለው ምዝገባ ማብራሪያ በሚጻፍበት ቦታ፣ እርማቱ የተደረገበትን ቀን፣ ምክንያቱንና የቀድሞውን የደረሰኝ ወይም የቼክ ቁጥር ያስፍሩ። ኦዲተሩ ከዓመት በኋላ ስለዚያች 2,300 ብር ሲጠይቅ መልሱን እዚያው ያገኘዋል።