ቫዳ ገንቢ ነው ወይስ ዘይት ብቻ? ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በደቡብ ሕንድ ግዛቶች፣ በታሚል ናዱም ሆነ በካርናታካ፣ ጠዋት ቁርስ ቤት የገባ ሰው ሁለት ኢድሊና አንድ ቫዳ ማዘዙ የተለመደ ነው። ኢድሊ ከሩዝና ከኡራድ ሊጥ በእንፋሎት ይበስላል። ቫዳ ግን የተዘፈዘፈ የኡራድ ክክ ተፈጭቶ፣ በካሪ ቅጠል፣ በቁንዶ በርበሬ፣ በዝንጅብልና በቃሪያ ከተቀመመ በኋላ መሐሉ ተበስቶ ዘይት ውስጥ የሚጠበስ ነው። ኡራድ እኛ ማሾ የምንለው ጥራጥሬ የቅርብ ዘመድ ሲሆን ቅርፊቱ ጥቁር፣ ክኩ ነጭ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን የሌላዋ ደቡብ ሕንድ ግዛት የኬረላ ሰዎች በሚሠሩባቸው ካፍቴሪያዎች ቫዳን ከሻይ ጋር ያገኙታል። ሥጋም፣ እንቁላልም፣ ወተትም ስለማይገባበት ለጾመኛ ይመቻል።

ስለ ገንቢነቱ ሲነሳ ግን ሰው በሁለት ይከፈላል። አንዱ «ጥራጥሬ ነው፣ ፕሮቲን ነው» ይላል፤ ሌላው «ዘይት የጠጣ ነገር» ብሎ ያጥላላዋል። ሁለቱም ሳይመዝኑ ነው የሚፈርዱት።

የደረቀውን ክክ ቁጥር ለተጠበሰው ማዋል

ከስህተቶቹ ሁሉ የሚብሰው ይህ ነው። 100 ግራም ደረቅ ኡራድ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 340 ያህል ኪሎ ካሎሪ አለው። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ደረቅ ክክ የሚቆረጥም የለም። መካከለኛ መጠን ያለው ቫዳ 15 ግራም ያህል ደረቅ ክክ ይወስዳል እንበል። ከዚያ የሚገኘው ፕሮቲን 4 ግራም ቢጠጋ ነው፤ ከክኩ የሚመጣው ኃይልም 50 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ሲጠበስ 5 ግራም ዘይት ቢይዝ፣ አንድ ግራም ዘይት 9 ኪሎ ካሎሪ ስለሆነ 45 ይጨመርበታል። እንግዲህ ከአንዱ ቫዳ ኃይል ግማሽ ያህሉ ከዘይቱ የመጣ ነው።

ያንን 25 ግራም ፕሮቲን በቫዳ ብቻ አገኛለሁ የሚል ሰው ስድስት ሰባት ፍሬ መብላት ሊኖርበት ነው፤ ያ ደግሞ ከ600 ኪሎ ካሎሪ ያልፋል። ለማነጻጸር ያህል፣ አንድ እንቁላል በ70 ኪሎ ካሎሪ ገደማ 6 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ይህን የምለው ቫዳን ለማሳነስ አይደለም። ከድንች ጥብስ ወይም በስኳር ከተሞላ ብስኩት ጋር ሲተያይ እጅግ የተሻለ መክሰስ ነው፤ የጡንቻ ምግብ አድርጎ ማቅረቡ ግን ማጋነን ነው።

ቫዳ የተባለውን ሁሉ ጥራጥሬ አድርጎ መቁጠር

ማሳላ ቫዳ በሸካራው ከተፈጨ የሽምብራ ክክ የሚሠራ ስለሆነ በፕሮቲንም ሆነ በአሰር የሚታማ አይደለም። ሙምባይ ውስጥ በነጭ ዳቦ ተጠቅልሎ የሚሸጠው ባታታ ቫዳ ግን ውስጡ የተፈጨ ድንች ነው፤ ሽምብራው ላዩን የሚሸፍነው ስስ ሊጥ ብቻ ነው። በማሃራሽትራ በጾም ቀን የሚበላው ሳቡዳና ቫዳ ደግሞ አብዛኛው ከካሳቫ የወጣ ስታርች ነው። የአንዱን የምግብ ይዘት ወስዶ ለሌላው መስጠት አይቻልም።

በኡራዱም መካከል ልዩነት አለ። ቅርፊቱ የተነሳለት ነጭ ክክ ከጥቁሩ ያነሰ አሰር ይኖረዋል። በታሚል ናዱ ለሂንዱ አምላክ ለሃኑማን በአበባ ጉንጉን ፈንታ በክር ተሰክቶ የሚቀርበው ቫዳ ብዙውን ጊዜ ከነቅርፊቱ ከተፈጨ ጥቁር ኡራድ የሚሠራ ነው። ከቁርስ ቤቱ ይልቅ ደረቅና ጠንካራ ነው፤ ለአሰር ሲባል ግን የቤተ መቅደሱን እመርጣለሁ።

ዘይት እንዳይበዛ ብሎ እሳት መቀነስ

ብዙ ሰው በቀዝቃዛ ዘይት ቀስ ብሎ የተጠበሰ ነገር የሚቀል ይመስለዋል። የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ሊጡ የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ወደ ውጪ ይገፋል፤ እንፋሎቱ እየወጣ ሳለ ዘይቱ መግቢያ ያጣል። ላዩም ፈጥኖ ይደርቅና ቅርፊት ይሠራል። ዘይቱ ካልጋለ ግን ግፊቱ ደካማ፣ ቆይታውም ረጅም ስለሚሆን ቫዳው ይጠግባል። ተስማሚው ሙቀት ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ውጪው ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል።

ሁለተኛው ነገር የሊጡ ውኃ ነው። ሲፈጭ ውኃ ከበዛበት፣ የወጣውን ውኃ ቦታ የሚወርሰው ዘይት ነው። ልምድ ያላቸው ሴቶች ቀዝቃዛ ውኃ ጠብ እያደረጉ ይፈጩና ከሊጡ ጥቂት ቆንጥረው ውኃ ላይ ይጥላሉ፤ ከተንሳፈፈ አየር ይዟል፣ ደርሷል ማለት ነው። ቀዳዳውም ለጌጥ የተበጀ አይደለም፦ መሐሉ ከዳሩ እኩል እንዲበስል ያደርገዋል።

ሦስተኛው ብዙም የማይታወቅ ነው። ቫዳው ከሚይዘው ዘይት ብዙው የሚሰርገው ከወጣ በኋላ፣ ሲቀዘቅዝ ነው። ውስጡ የቀረው እንፋሎት ወደ ውኃ ሲመለስ ግፊቱ ይወርድና ላዩ ላይ የቀረውን ዘይት ይስበዋል። ስለዚህ ትኩስ ሳለ በቀዳዳ ጭልፋ ደኅና አድርጎ ማራገፍና ወዲያው ወረቀት ላይ ማሳረፍ ዋጋ አለው። አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ተደራረበ ሳህን ላይ ማቆየት ግን ጥቅም የለውም።

ለማለስለስ ቤኪንግ ሶዳ የሚጨምሩም አሉ። ሶዳና ሙቀት ሲገናኙ የጥራጥሬውን ቪታሚን ቢ1 ያጠፋሉ፤ በደንብ የተፈጨ ኡራድ ደግሞ ያለ ሶዳም ይለሰልሳል።

የዘይቱን ዕድሜ አለመጠየቅ

ስለ ካሎሪ የሚጨነቅ ሰው ዘይቱ ስንት ጊዜ እንደ ጋለ አይጠይቅም። በተደጋጋሚ የጋለ ዘይት እየተበላሸ ጎጂ ውሕዶች ያጠራቅማል። ሕንድ ከሐምሌ 2018 ጀምሮ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ዘይት ሲበላሽ የሚፈጠሩት ፖላር የሚባሉ ውሕዶች ከ25 በመቶ ያለፉበት ዘይት ለምግብ እንዳይውል ከልክላለች። ከ2022 መግቢያ ጀምሮም በዘይትና በቅባት ውስጥ የሚፈቀደው፣ ልብን የሚጎዳው ትራንስ ቅባት ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ይህ ቫናስፓቲ የሚባለውን የረጋ የአትክልት ቅባት በቀጥታ ይነካል። የመንገድ ዳር መጥበሻ ውስጥ ያለው ዘይት ከጠቆረ፣ ከወፈረ፣ አረፋው አልጠፋ ካለና ሽታው ከከረፋ ማለፍ ነው።

አጃቢውን መርሳት

ቫዳ ብቻውን አይበላም። የኮኮናት ቻትኒ የሚባለው ማባያ ሲጣፍጥ ማንኪያው አይቆጠርም፤ ከትኩስ ኮኮናት ሲሶው ቅባት ነው፣ አብዛኛውም የረጋው (ሳቹሬትድ) ዓይነት። ሳምባር በአንጻሩ ክክና አትክልት ያለበት ቀለል ያለ ወጥ ነው፤ ጨው ግን አያንሰውም። የደም ግፊት ያለበት ሰው የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው እንደሚመክር አስታውሶ ሳምባሩን ሁሉ ባይጠጣው ይሻላል።

ሻዩም አለ። ጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት በሻይና በቡና ምክንያት በሰውነት ውስጥ የመግባት ዕድሉ ይቀንሳል። ደም ማነስ ያለባት ሴት ሻዩን ለሌላ ሰዓት ብታቆየውና ቫዳው ላይ ሎሚ ብትጨምቅ ትጠቀማለች። ከኢድሊ ጋር መብላቱ ደግሞ ብልህነት ነው፦ የሩዙ ፕሮቲን የጎደለውን ጥራጥሬው ይሞላለታል፣ የጥራጥሬውንም ሩዙ።

እርጎ ውስጥ የሚነከረው ዳሂ ቫዳ አስቀድሞ በውኃ ርሶ ስለሚጨመቅ ከዘይቱ ጥቂት ይለቃል፤ በእርጎውም ካልሲየም ያገኛል። ስኳር ያለበት ማባያ ሲደፋበት ግን ሌላ ሒሳብ ነው። ለጾመኛም አይሆንም።

ስንዴ የለበትም ብሎ መደምደም

ኡራድ ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲን የለውም። ነገር ግን ሊጡ ውስጥ የሚገባው ሂንግ የተባለው ቅመም በዱቄት መልክ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ነው። አንዳንድ ወጥ ቤቶችም ላዩ እንዲንኮሻኮሽ ከስንዴ የሚሠራውን ሰሞሊና ይጨምራሉ። ግሉተን የማይስማማው ሰው ከማዘዙ በፊት ሁለቱንም ይጠይቅ፤ ቤቱ የሚሠራ ከሆነም የሂንጉን ማሸጊያ ያንብብ።