ቅዱሳት ሥዕላትን ማክበርና እግዚአብሔርን ማምለክ፦ ልዩነቱን በጸሎት፣ በቤትና በጉርብትና እንዴት እንጠብቅ?

ደሴ ውስጥ ባደግሁበት ግቢ ሁላችንም «እማማ» እያልን የምንጠራቸው አንዲት ሙስሊም ጎረቤት ነበሩን። አንድ ቀን ቡና ቀርቦ ሳለ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለችውን የእመቤታችንን ሥዕል ትክ ብለው ሲመለከቱ ቆዩና «ልጄ፣ ይህችን ወረቀት ነው እንዴ የምትለምናት?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ትምህርተ ክርስቶስ እየተማርሁ ስለ ነበር፣ የጉባኤ ስምና ዓመት ሳይቀር የማውቀውን ሁሉ ደረደርሁላቸው። እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጡኝና «እሺ፣ ብትቀደድስ?» አሉኝ። ዝም አልሁ። ጥያቄያቸው የነቀፋ ሳይሆን የማወቅ ፍላጎት ስለ ነበር፣ መልስ ማጣቴ ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖሯል።

ይህን መመሪያ የጻፍሁት በተለይ በደሴና በኮምቦልቻ ለምንኖር ካቶሊካውያን ነው። የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከት በ2007 ዓ.ም. ተቋቁሞልናል፤ በቁጥር ግን ጥቂቶች ነን። አንዱ ወንድም መስጊድ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን በሚሄድበት በወሎ፣ ስለ ሥዕል የሚነሣው ጥያቄ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ዘመዳችን አፍ ይመጣል። ስለዚህ ልዩነቱን አስቀድመን በራሳችን ጸሎት ውስጥ ማጥራት፣ ከዚያ በኋላ ለሌላው ማስረዳት ይገባናል።

የመጀመሪያው ሥራ ቃላትን መለየት ነው። ማምለክ ማለት አንድን አካል ፈጣሪዬ፣ የሕይወቴ ምንጭና የመጨረሻ ተስፋዬ ነህ ብሎ ራስን ሙሉ በሙሉ ማስገዛት ሲሆን፣ ይህ ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ይገባል፤ የነገረ መለኮት ሊቃውንት በግሪክኛው ስም ላትሪያ ይሉታል። ቅዱሳንን የምናከብርበት ክብር ዱሊያ ይባላል፤ ለእመቤታችን ለቅድስት ድንግል ማርያም የሚሰጠው ከሌሎች ቅዱሳን የላቀ ክብር ደግሞ ሂፐርዱሊያ ተብሏል። የእመቤታችን ክብር የቱንም ያህል ቢልቅ ከአምልኮ ጋር የዓይነት ልዩነት አለው፤ ክብር እየጨመረ ሄዶ አምልኮ አይሆንም፤ በፈጣሪና በፍጡር መካከል ያለው ርቀት በመጠን የሚሞላ አይደለምና።

ችግሩ የሚጀምረው «መስገድ» ከሚለው ቃል ላይ ነው፤ በእኔ ግምት አብዛኛው ክርክራችን የሚነሣው ከዚህ አንድ ቃል ነው። በአማርኛ ለእግዚአብሔርም እንሰግዳለን፣ አብርሃምም በዘፍጥረት 23 ለኬጢ ልጆች ሰገደ ይባላል፤ ያዕቆብም ለወንድሙ ለዔሳው ሰባት ጊዜ ሰግዷል። የሰውነት እንቅስቃሴው አንድ ነው፤ የሚለየው ለማንና ምን ለመስጠት እንደ ተደረገ ነው። በአገራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የአያቱን ጉልበት ይስማል፤ አያቱን አመለከ ያለው ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ787 የተሰበሰበው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤም በግሪክኛ የአክብሮት ስግደትንና ለመለኮት ብቻ የሚገባውን አምልኮ በሁለት ቃላት ለይቶ፣ ለሥዕላት የሚገባው የፊተኛው እንደ ሆነ ወሰነ። ውሳኔው ወደ ላቲን ሲተረጎም ግን ልዩነቱ ስለ ጠፋ፣ በምዕራብ አውሮፓ የነበሩት የፍራንኮች መንግሥት ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ794 በፍራንክፈርት ተሰብስበው ጉባኤው ያላለውን ነገር እንዳለ አድርገው ነቀፉት። የትርጉም ስሕተት ጳጳሳትን እንዲህ ካጋጨ፣ እኛም ቡና ላይ ተቀምጠን «ለሥዕል እሰግዳለሁ» ብለን በደፈናው ብንናገር ሰሚው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። «ሥዕሉን አከብራለሁ፤ የማመልከው እግዚአብሔርን ነው» ማለትን መልመድ ይሻላል።

ሁለተኛው ሥራ ትእዛዙን ሳይቆርጡ ማንበብ ነው። ዘጸአት 20 የተቀረጸ ምስል አድርገህ አትስገድለት፣ አታምልከውም ይላል፤ ይህን ማድበስበስ አይገባም። ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 25 ግን እግዚአብሔር በታቦቱ መክደኛ ላይ ሁለት የወርቅ ኪሩቤል እንዲሠሩ ማዘዙን ይናገራል። በዘኍልቍ 21 ሙሴ በጌታ ትእዛዝ የናስ እባብ ሠራ፤ የተነደፉትም ወደ እርሱ እየተመለከቱ ዳኑ። ከብዙ ዘመን በኋላ ሕዝቡ ያንኑ እባብ ማጠን ሲጀምር ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባበረው (2ኛ ነገሥት 18፥4)። ናሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰዎቹ ልብ ነው። ስለዚህ ዘኍልቍ 21ንና 2ኛ ነገሥት 18ን አንድ ላይ ማንበብን አጥብቄ እመክራለሁ፤ የመጀመሪያው ሥዕልን የሚነቅፉትን ያስተምራል፣ ሁለተኛው እኛን ያስጠነቅቃል። ሕዝቅያስ ዛሬ ቤታችን ቢገባ የትኛውን ያነሣብን ይሆን ብሎ ራስን መጠየቅ ጠቃሚ ነው።

ካቶሊካውያን ትእዛዙን ሰርዘዋል የሚል ክስም ይሰማል። እውነቱ የአቆጣጠር ጉዳይ ነው፦ የቅዱስ አውግስጢኖስን አከፋፈል ስለምንከተል ስለ ምስል የተነገረው የመጀመሪያው ትእዛዝ ክፍል ሆኖ ይቆጠራል፤ ስለ መመኘት የተነገረው ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። ለልጆች በቃል በሚጠናው አጭር ዝርዝር ውስጥ ሙሉው ቃል ባይገኝም፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ውስጥ ተጽፎ ተብራርቷል። ዋናው የካቶሊክ መልስ ግን ከቁጥር ይልቅ ከሥጋዌ ይነሣል። ዘዳግም 4 እስራኤል በኮሬብ ምንም መልክ ስላላዩ ምስል እንዳይሠሩ ያዛል፤ ቃል ሥጋ ከሆነ በኋላ ግን የማይታየው ታየ፣ ቆላስይስ 1፥15 «የማይታየው አምላክ ምሳሌ» የሚለው ክርስቶስ የሰው ፊት ያዘ። በሙስሊሞቹ ገዢዎች በኡመያድ ከሊፋዎች ግዛት የኖረው መነኩሴና የቤተ ክርስቲያን መምህር ዮሐንስ ዘደማስቆ በስምንተኛው መቶ ዓመት ሥዕላትን የተከላከለው በዚሁ መሠረት ላይ ቆሞ ነው።

ሦስተኛው በሥዕል ፊት እንዴት እንደምንጸልይ ነው። ጸሎትን በሥላሴ ስም በማማተብ እንጀምር፤ ይህ ገና ከመነሻው ለማን እንደምንናገር ይወስናል። ከዚያም ሥዕሉ ወደሚያሳየው አካል ልባችንን እናንሣ፤ ዓይን ቀለሙ ላይ ቢያርፍም ንግግሩ በሰማይ ካለው ጋር ነው። ልመናችንን ስናቀርብ በግሡ ላይ እንጠንቀቅ። ቅዱሳንን በየስማቸው እየጠራን በምንደግመው በቅዱሳን ሊጣንያ ላይ ለእግዚአብሔር «ማረን»፣ ለቅዱሳኑ ደግሞ «ለምኑልን» እንላለን እንጂ ሁለቱን አናቀያይርም። በአገራችን በሚታወቀው «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ጸሎትም እመቤታችንን የምንለምናት ኃጢአታችንን ይቅር እንዲለን ከተወደደ ልጅዋ ምሕረትን እንድትለምንልን ነው። ይህን ጸሎት ቃል በቃል እያሰበ የሚደግም ሰው ሥዕልን ቀርቶ እመቤታችንንም በእግዚአብሔር ቦታ ሊያስቀምጥ አይችልም፤ አደጋው ሳያስቡ መደጋገሙ ላይ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥርዓቱ ራሱ ልዩነቱን ያስተምራል። በላቲን ሥርዓት ጉልበትን ማንበርከክ የአምልኮ ምልክት ስለ ሆነ ለቅዱስ ቁርባን የተጠበቀ ነው፤ ምክንያቱም ቅዱስ ቁርባን ምስል ሳይሆን ክርስቶስ ራሱ መሆኑን እናምናለን። በስቅለት ዓርብ ለመስቀሉ መንበርከካችንም በእንጨቱ አልፎ ወደ ተሰቀለው የሚደርስ ነው። በዕጣን ጊዜ እንኳ ለቅዱስ ቁርባን ጽናው ሦስት ጊዜ፣ ለክብር ለወጡ የቅዱሳን ሥዕላት ሁለት ጊዜ ይወዛወዛል። በግእዝ ሥርዓት የምንቀድስ ደግሞ የራሳችን አሰጋገድ አለንና፣ የአንዱን ሥርዓት ዝርዝር በሌላው ላይ መጫን አያስፈልግም። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን ለሁለቱም አንድ ነው፦ የቅዳሴ መሥዋዕት ለማንም ቅዱስ አይቀርብም። የቅዱሱን በዓል እናከብራለን፣ ስሙን እንጠራለን፤ መሥዋዕቱ ግን ቅዱሱን ለቀደሰው አምላክ ብቻ ነው። «ካቶሊኮች ማርያምን ያመልካሉ» ለሚለን ሰው ወደ ቅዳሴ መጥቶ ጸሎቱ ለማን እንደሚቀርብ እንዲያዳምጥ መጋበዝ ከብዙ ክርክር ይሻላል።

በቤትና በመንገድ ላይ ያለው ልማድ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሥዕል የምንሰቅለው ተሰብስበን ልንጸልይበት በምንችል ንጹሕ ቦታ ነው፤ ካህን ቢባርከው መልካም ነው፤ ከሁሉም አስቀድሞ የመስቀሉ ወይም የክርስቶስ ሥዕል ቢቀመጥ ትምህርቱን ዓይን ያየዋል። ብዛትን አልመክርም፤ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1963 በአብያተ ክርስቲያናት ያሉት ሥዕላት በቁጥር መጠነኛ፣ በአቀማመጥም ሥርዓት ያላቸው እንዲሆኑ አሳስቧል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን የሚወርድ ሾፌር ከመስተዋቱ በላይ የቅዱስ ሥዕል ቢያንጠለጥል መልካም ልማድ ነው፤ መሪ ሲይዝ እግዚአብሔርን ያስታውሰዋልና። «እርሱ ስላለ ፍሬኑን ባላስፈትሸውም ችግር የለም» ካለ ግን ሥዕሉን ወደ ክታብነት አውርዶታል። የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1563 በግልጽ እንዳስተማረው፣ ሥዕላት የሚከበሩት መለኮት ወይም ኃይል በውስጣቸው አለ ተብሎ አይደለም፤ ከእነርሱ አንዳች አይለመንም፤ ተስፋም አይጣልባቸውም። «የእገሌ ቤት ሥዕል ከኛ ይልቅ ትሰማለች» የሚለው ወግ ከዚህ ትምህርት ጋር አይስማማም፤ ስንሰማው በፍቅር ማረም ይገባናል።

ለጎረቤት ማስረዳትን በተመለከተ፣ ለሁሉም አንድ መልስ አይሠራም። ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድሞቻችን ጋር ስንነጋገር ከ787ቱ ጉባኤ መጀመር አያስፈልግም፤ እነርሱ የሚቀበሉት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓለም አቀፍ ጉባኤያት ብቻ ነውና፤ የአምልኮና የአክብሮት ስግደትን ልዩነት ግን ጠንቅቀው ያውቁታል። ለእነርሱ እንግዳ የሚሆነው በአንዳንድ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ያለው የተቀረጸ ሐውልት ነው፤ የ787ቱ ጉባኤ በቀለምም በሌላ ተስማሚ ነገርም የተሠራውን እንደ ተቀበለ፣ ትምህርቱም ለሁለቱም አንድ እንደ ሆነ መንገር ይበቃል። ለፕሮቴስታንት ወዳጃችን ኪሩቤልንና የናሱን እባብ አብረን እናንብብለት፤ የሕዝቅያስንም ክፍል ሳንደብቅ። ለሙስሊም ጎረቤታችን ግን ለማሳመን አንቸኩል። እግዚአብሔር አንድ ነው፣ ከእርሱ በቀር የሚመለክ የለም የሚለው ቃላቸው የእኛም ቃል ነው፤ ከዚያ ተነሥተን ሥዕሉ ማስታወሻ እንጂ ሰሚ እንዳልሆነ በእርጋታ እንንገራቸው። ክርስቶስን በተመለከተ ያለንን ልዩነት ሸፍነን ማለፍ እነርሱንም አያከብርም።

በመጨረሻ ያረጀ ሥዕል ጉዳይ ይቀራል። የተባረከ ነገር በግል እጅ ቢሆንም እንኳ ለተራ አገልግሎት አይውልም፤ ስለዚህ የተቀደደ ሥዕል ቆሻሻ ላይ አይጣል፣ ዕቃም አይጠቀለልበት። ልማዱ በንጹሕ ቦታ ማቃጠልና አመዱን መቅበር፣ የማይቃጠለውን ደግሞ እግር በማይረግጠው ቦታ እንዳለ መቅበር ነው፤ የተጠራጠረ ካህኑን ይጠይቅ። የኛይቱን ሥዕል አንድ ክረምት ጣሪያችን አፍስሶ አበሰበሳት። እናቴ ከግድግዳው አውርዳ አቃጠለቻትና አመዷን ከጓሮው ጽድ ሥር ቀበረችው። በዚያ ምሽት ባዶው ግድግዳ ፊት ቆማ የዘወትር ጸሎቷን እንደ ወትሮው ስታደርስ፣ እማማ ደጃፉ ላይ ቆመው እስክትጨርስ ጠበቋት።