ዳታቤዝ ላይ «እንዲህ ከሆነ ብቻ» የሚል ህግ ስታስገቡ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ጅማ ላይ ለቡና ማህበር ወይ ለነጋዴ ሲስተም የምትሰሩ ልጆች ይሄን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ። እኛ ጋ አብዛኛው ቡና በጀንፈል (ሳይታጠብ ከነገለፈቱ የደረቀ) ነው የሚመጣው፣ የታጠበም አለ፣ እና ሁለቱም አንድ ቴብል ውስጥ ይገባሉ። የታጠበ ከሆነ ገንዳ ውስጥ የተብላላበት የሰዓት ብዛት የግድ መሞላት አለበት፣ ጀንፈል ከሆነ ደግሞ ያ ኮለም ባዶ ነው መሆን ያለበት።

አንደኛ ህጉን ፎርሙ ላይ ብቻ አትተዉት። ነገ አንዱ ከኤክሴል በቀጥታ ይጭናል፣ ፎርማችሁን አያየውም፣ አለቀ።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፣ ናል (ምንም ያልተሞላበት ባዶ ቦታ)። «ዓይነት <> 'የታጠበ' ኦር ሰዓት > 0» (ወይ የታጠበ አይደለም፣ ወይ ሰዓቱ ከዜሮ ይበልጣል) ብላችሁ ቼክ፣ ማለትም ዳታቤዙ ራሱ የሚፈትሸው ህግ፣ ትጽፋላችሁ፣ ሲያዩት ልክ ይመስላል። ግን የታጠበ አስገብታችሁ ሰዓቱን ባዶ ብትተዉት ያልፋል! ምክንያቱም ናልን ከዜሮ ጋር ስታወዳድሩት መልሱ እውነትም ውሸትም አይደለም፣ «አይታወቅም» ነው፣ ቼክ ደግሞ የሚከለክለው ውሸት ሲሆን ብቻ ነው፣ «አይታወቅም»ን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ስለዚህ «ሰዓት ኢዝ ኖት ናል ኤንድ ሰዓት > 0» ብላችሁ በግልጽ ጻፉት። ዓይነት የሚለው ኮለም ራሱም ኖት ናል (ባዶ መተው የማይቻል) ይሁን፣ አለበለዚያ እሱ ባዶ ሲሆን ህጉ በሙሉ በዛው በር ይወጣል። (በነገራችን ላይ የሰዓቱን ጣሪያ አታጥብቡት፣ መብላላት እንደ አየሩ ቅዝቃዜ ይረዝማል።)

ደሞ ህጉን በአንድ በኩል ብቻ አትዝጉት። ከላይ ያለው ጀንፈል ላይ ሰዓት ሲሞላ ምንም አይልም። ሁለቱንም ጻፉ፦ ወይ የታጠበ ሆኖ ሰዓት ያለው፣ ወይ ጀንፈል ሆኖ ሰዓቱ ናል የሆነ። ረዘመ አትበሉ፣ ከስድስት ወር በኋላ ለሚያነበው ሰው ይሄኛው ነው የሚገባው።

ማይኤስኪውኤል የሚባለውን ዳታቤዝ የምትጠቀሙ ቨርዥናችሁን እዩ። ከ8.0.16 በፊት ቼክ ብትጽፉ ይቀበላችኋል፣ ኤረርም አይሰጥም፣ ግን ጭራሽ አይሰራበትም። ይሄ በጣም አደገኛ ነው ምክንያቱም ተጠብቄያለሁ ብላችሁ ትተኛላችሁ።

ሌላው ቼክ ውስጥ ሌላ ቴብል ለማየት መሞከር ነው፣ ለምሳሌ «የታጠበ የሚመጣው ማጠቢያ ካለው ጣቢያ ብቻ ነው» የሚል ህግ። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ቼክ ውስጥ ሰብኩዌሪ (ሌላ ቴብል የሚጠይቅ የውስጥ ጥያቄ) አይፈቅድም፣ ሰው ግን ፈንክሽን ውስጥ ደብቆ ያስገባዋል። ያኔ የጣቢያው መረጃ ሲቀየር የቡናውን ቴብል ተመልሶ የሚያይ የለም፣ ባክአፕ ስትመልሱም ቴብሎቹ የሚገቡበት ቅደም ተከተል ከተዛባ ሊያስቸግራችሁ ይችላል። ጣቢያውንና ዓይነቱን አንድ ላይ የያዘ ፎሪን ኪ (ሌላው ቴብል ውስጥ የሌለ ነገር እንዳይገባ የሚያስተሳስር) ብታደርጉ ይሻላል።

የቆየ ዳታ ላይ ህጉን ስትጨምሩ የድሮ ስህተቶች ስላሉ እምቢ ይላችኋል፣ ያኔ ተስፋ ቆርጣችሁ አትተዉት። ፖስትግሬስ ላይ «ኖት ቫሊድ» ብላችሁ ጨምሩት፣ ከዛ በኋላ የሚገባውንና የሚስተካከለውን ይይዛል፣ የድሮውን ቀስ ብላችሁ አጽዱና «ቫሊዴት ኮንስትሬይንት» በሉት።

ለህጉም ስም ስጡት፣ ኤረሩ ሲመጣ የትኛው እንደሆነ እንዲታወቅ።

ሳትሞክሩት ደግሞ አትልቀቁት። አምስት መስመር ኢንሰርት አድርጉ፦ የታጠበ ሰዓት ያለው፣ የታጠበ ባዶ፣ ጀንፈል ባዶ፣ ጀንፈል ሰዓት ያለው፣ ዓይነቱ ራሱ ባዶ የሆነ። ማለፍ ያለባቸው አንደኛውና ሦስተኛው ብቻ ናቸው።