የቶኪዮን ትልቁን የዓሣ ገበያ እንዴት እንደሚጎበኙ

ስለ ቶኪዮ ዓሣ ገበያ ሲጠይቁ ብዙ ሰው ዛሬም «ሱኪጂ» ይልዎታል። የጅምላው ገበያ ግን እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ከቆየበት ከሱኪጂ ተነስቶ በ2018 ቶዮሱ ወደሚባለው የቶኪዮ ሰፈር ገብቷል። ሱኪጂ የቀረው የችርቻሮው ሰፈር ነው። የቱና ጨረታ ለማየት የሚነሳ ሰው መሄድ ያለበት ቶዮሱ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሰዓት እንነጋገር። ጃፓን ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ትቀድማለች፤ የእኛና የፈረንጅ አቆጣጠር ልዩነትም ያው 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ በሀበሻ አቆጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት ቶኪዮ ላይ ሳይነኩት የጃፓንን ሰዓት ያሳያል! ነገር ግን ጨረታው የሚጀመርበት 5:30 እዚያ ንጋት ማለት ነው፣ በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 11:30። ረፋድ መስሎት የሚሄድ ሰው ባዶ አዳራሽ ይጠብቀዋል። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች ሁሉ በጃፓን አቆጣጠር ናቸው።

1. ቀኑን ይምረጡ። ገበያው እሑድና በበዓላት ቀን ዝግ ነው። ጎብኚን የሚያሳስተው ረቡዕ ነው፤ ብዙዎቹ ረቡዖች ዝግ ቢሆኑም ሁሉም አይደሉም። የገበያው ድረ ገጽ የወሩን የሥራ ቀናት ያወጣልና ሆቴል ከመያዝዎ በፊት ይዩት። ከኢትዮጵያ በቀጥታ ከሄዱ ደግሞ በደረሱ ማግስት ይሂዱ፤ ጨረታው በሚጀመርበት ሰዓት ሰውነትዎ ገና እኩለ ሌሊት አልሞላም ብሎ ስለሚያስብ ነቅቶ መቆየት አይከብድዎትም።

2. ከየት እንደሚያዩ ይወስኑ። ሁለት ቦታ አለ። ላይኛው ፎቅ ያለው የመስታወት መተላለፊያ ያለ ምዝገባ፣ በነጻ፣ ከ5:00 ጀምሮ ክፍት ነው፤ ነገር ግን ድምፅ አይሰማም፣ ዓሣውም ከሩቅ ነው የሚታየው። ታችኛው መመልከቻ ለጨረታው ቅርብ ሲሆን የመስታወቱ የላይኛው ክፍል ክፍት ስለሆነ የአጫራቹ ጩኸትና የአዳራሹ ቅዝቃዜ አብረው ይደርሱዎታል። እሱም ነጻ ነው፤ የሚገባው ግን በዕጣ ነው። ማመልከቻው ከጉብኝቱ በፊት ባለው ወር በኢንተርኔት ይሞላል። ዕጣው ከወጣልዎ ፓስፖርትና ጃኬት ይያዙ፤ የሚሰጥዎ ጊዜ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ የዘገየ ሰው ተራው ያልፈዋል።

3. ማደሪያዎን በቅርብ ያድርጉ። ጨረታው ከ5:30 እስከ 6:30 ገደማ ነው። የዩሪካሞሜ መስመር የመጀመሪያው ባቡር ከሺምባሺ የሚነሳው 5:00 አካባቢ ሲሆን ገበያው አጠገብ እስካለው ሺጆማኤ ጣቢያ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ለላይኛው መተላለፊያ ይበቃል፤ ዕጣ ለወጣለት ሰው ግን ልብ ያንጠለጥላል። ቶዮሱ ሰፈር ማደር ወይም ታክሲ መያዝ ይሻላል።

4. ሕንጻ 7ን ይፈልጉ። ከጣቢያው በድልድይ መንገድ ይሄዳሉ። ሕንጻ 5 የአትክልትና ፍራፍሬ ነው፣ ሕንጻ 6 መካከለኛ ነጋዴዎች የሚሠሩበት ነው፣ ጨረታው ያለው ሕንጻ 7 ውስጥ ነው።

ጨረታውን የሚያስጀምረው ደወል ከመደወሉ በፊት ያለውን ጊዜ አያባክኑ፤ ዋናው ሥራ የሚሠራው ያኔ ነው። ጭራቸው የተቆረጠ ቱናዎች በረድፍ ተጋድመዋል፣ በየአካላቸው ላይ ቁጥር ተጽፏል። ገዢው አጎንብሶ የተቆረጠውን ቦታ በባትሪ ያበራል፣ ከሥጋው ቅንጣት ቆንጥሮ በጣቶቹ መሃል ያሻል። የሚፈልገው ስብ ነው። ወለሉ አረንጓዴ የተቀባውም የሥጋው ቅላት ጎልቶ እንዲታይ ነው። ደወሉ ከተደወለ በኋላ አጫራቹ እንደ ዜማ ይጮኻል፣ ተጫራቹ ዋጋውን በጣት ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ዓሣ በሴኮንዶች ይሸጣል። እ.ኤ.አ. ጥር 5፣ 2019 በዓመቱ የመጀመሪያ ጨረታ አንድ 278 ኪሎ ቱና 333.6 ሚሊዮን የን ያወጣው እዚሁ ነው። ፎቶ ሲያነሱ ፍላሽ ያጥፉ። እግረ መንገድዎን በመተላለፊያው የቆመውን የቱና ሞዴል ይዩ፤ ሞዴሉ የተሠራለት፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ሱኪጂ የገባው ዓሣ 496 ኪሎ ይመዝን ነበር።

5. ቁርስ። ሱሺ ቤቶቹ በሕንጻዎቹ ውስጥ ናቸው፤ ስመ ጥሮቹ ጋ ሰልፉ ሰዓታት ይወስዳል። ሰልፍ ካስመረረዎ አጠገቡ ያለ ሌላ ቤት ይግቡ፣ ዓሣው ከዚያው ገበያ ነው የሚመጣው። ለአንድ ሰው ከ4,000 እስከ 6,000 የን ይያዙ፣ በጥሬ ገንዘብ ቢሆን ይመረጣል። ቁርጥ ለለመደ ሰው ጥሬ ቱና እንግዳ አይሆንም። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይበሉ ከሆነ ግን ሼፉ የመረጠውን ሙሉ ሳህን አይዘዙ፤ ሽሪምፕ፣ ስኩዊድና የባሕር ጃርት አብረው ይመጣሉ። ቱናና ሳልመን በነጠላ ይዘዙ። ብዙዎቹ ቤቶች ከቀትር በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ይዘጋሉ።

6. መግዛት ከፈለጉ። ቶዮሱ ላይ ዓሣው የሚሸጠው ለነጋዴ ነው፣ ጎብኚ ወደ መሸጫው ወለል አይገባም። በሕንጻ 6 አራተኛ ፎቅ ያሉት ትንንሽ ሱቆች ግን ለማንም ይሸጣሉ፤ ቢላዋ፣ ሻይ፣ የባሕር አረም ያገኛሉ። ቢላዋውን በእጅ ሻንጣ እንዳይዙት፣ ወደ አውሮፕላኑ ጭነት በሚገባው ሻንጣ ይክተቱት። ትኩስ ዓሣ በቁራሽ ለመግዛት ሱኪጂ ይሂዱ፤ እዚያም ከሰዓት በኋላ ሱቁ ስለሚዘጋ ከቶዮሱ እንደወጡ በቀጥታ ይለፉ።