በኒው ዮርክ እስካሁን ያልተዘጉ የአይሁድ ዴሊዎችን ለማግኘት

ኒው ዮርክ ሄዶ ፓስትራሚ፣ ማለትም በጨውና በቅመም ከርሞ በጭስ የታጠነ የበሬ ሥጋ፣ በነባር የአይሁድ ዴሊ (የተዘጋጀ ሥጋና ሳንድዊች በሚሸጥ ምግብ ቤት) ለመብላት ያሰበ ሰው ከአሮጌ የጉዞ መጻሕፍት ባይጀምር ይሻላል፤ ስማቸው የገነነው ስቴጅ ዴሊ በ2012፣ ካርኔጊ ዴሊም በ2016 መጨረሻ ላይ በማንሃተን ተዘግተዋልና (ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። አድራሻ የቀየረም አለ፦ በ1954 የተከፈተው ሴኮንድ አቬኑ ዴሊ የቀድሞ ጎዳናውን ስም እንደያዘ ዛሬ የሚገኘው በምሥራቅ 33ኛ መንገድ ላይ በመሆኑ፣ በስሙ ብቻ የሚፈልገው ሰው መንገድ መሳቱ አይቀርም።

በ1888 የተመሠረተውና በሃውስተን መንገድ ላይ ያለው ካትዝ ዴሊ ግን ለማግኘት አያስቸግርም፤ በር ላይ የሚሰጠውን፣ ሂሳብ የሚጻፍበትን ቲኬት የጣለ ሰው ተጨማሪ ክፍያ ስለሚጠየቅ እስኪወጡ ድረስ መያዝ ያስፈልጋል። ካትዝ ኮሸር (ሥጋንና ወተትን መቀላቀል የሚከለክለውን የአይሁድ የምግብ ሕግ የሚከተል) ስላልሆነ ሥጋና አይብ በአንድ ሳንድዊች ያቀርባል። የኮሸርን ሕግ ለሚጠብቅ ሰው በብሮንክስ ሪቨርዴል ሰፈር የሚገኘው ሊብማንስ የተሻለ ምርጫ ይመስለኛል፤ ቱሪስት የሚበዛበት ሰፈርም አይደለም።

ኮሸር ከሆኑት መካከል ቅዳሜ የሚዘጉም የሚከፍቱም ስላሉ፣ በፋሲካቸው ሰሞን ደግሞ ብዙዎቹ ሥራ ስለሚያቋርጡ፣ ከመሄድ በፊት በቀጥታ ደውሎ ማረጋገጥ ይገባል። በጭስ የታጠነ ሳልሞንና ቤግል የተባለውን የቀለበት ቅርጽ ዳቦ የሚፈልግ ሰው ግን ዴሊ ሳይሆን እንደ ራስ ኤንድ ዶተርስ ያለ የዓሣና የወተት ተዋጽኦ መደብር ይጠይቅ።