ነፋሱ ሲዞር ትንሽ አውሮፕላን ማሳረፍ፦ ከጣና ዳር

ባሕር ዳር ላይ ቀን ቀን ነፋሱ ከጣና ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ሲመሽ ይገለበጣል። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ግን ነጎድጓድ ያዘለ ደመና ከፊቱ የሚገፋው ቀዝቃዛ አየር በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉን ይለውጠዋል።

የባሕር ዳር አየር ማረፊያ መንደርደሪያ 04/22 ነው፤ በ04 ሲወርዱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ (40 ዲግሪ)፣ በ22 ሲወርዱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያመራሉ። በ04 ሲወርዱ 12 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪ.ሜ ገደማ ነው) የሰሜን ነፋስ ካለ፣ ከግራ የሚገፋዎ 8 ኖት ገደማ ነው፤ ሴስና 172 የተባለው ትንሽ አውሮፕላን በመመሪያው የተፈተነበት የጎን ነፋስ 15 ኖት ስለሆነ ይቻላል። ያው ነፋስ ዞሮ ከደቡብ ከነፈሰ ግን 9 ኖት ያህል ከጀርባ ይገፋዎታል። መመሪያው ለየ2 ኖቱ የጀርባ ነፋስ የማረፊያውን ርቀት 10 በመቶ ያስጨምራል። ስለዚህ ከመንደርደሪያው ጋር ቀጥ ወዳለው የመጨረሻ የመውረጃ መስመር ከመታጠፍዎ በፊት የነፋስ ከረጢቱን፣ የከተማውን ጭስና የሐይቁን ሞገድ አብረው ይዩ፤ ታወሩንም (የአየር ማረፊያውን ተቆጣጣሪ) እንደገና ይጠይቁ። ነፋሱ ከ10 ወደ 20 የሚዘል ከሆነ የልዩነቱን ግማሽ፣ 5 ኖት፣ በመውረጃ ፍጥነትዎ ላይ ይጨምሩ፤ 65 የነበረው 70 ይሆናል።

ትልቁ ስሕተት እዚህ ነው። ከተማው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ በሞቃት ቀን የፍጥነት ጠቋሚው 65 ሲል አውሮፕላኑ በእውነት 73 ገደማ ይበራል። 9 ኖት ከጀርባ ሲጨመር መሬቱ በ82 ይሮጣል። ዓይን ይደነግጣል፤ እጅ ሳይታወቀው ስሮትሉን (የሞተሩን ኃይል መቆጣጠሪያ) ይቀንስና አፍንጫውን ያነሳል፤ ክንፉ 10 ሜትር ላይ መሸከም ያቅተዋል። መሬቱን ሳይሆን ጠቋሚውን ይመኑ።

ለመንካት ሲቃረቡ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ክንፍ ዝቅ አድርገው፣ በተቃራኒው ራደር (የጅራት መሪ) አፍንጫውን ከመንደርደሪያው ጋር ያስተካክሉ። ያው ወገን ጎማ ቀድሞ ይንካ። ከዚያ አይዝናኑ፦ ፍጥነቱ ሲቀንስ ኤይለሮኑ (ክንፉን የሚያነሳና ዝቅ የሚያደርገው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ስለሚደክም፣ መሪውን ወደ ነፋሱ ቀስ በቀስ እስከ ጥግ ያዙሩት። ይህን የተወ አብራሪ ሁሉ ያለቀ ሊመስለው ይችላል፣ ክንፉ ግን ገና ሊነሳ ይችላል።

አውሮፕላኑ ከነጠረ፣ ወይም መሃል መስመሩን ከለቀቀ፣ በመሪው አያባርሩት፤ እንደገና ይነሱ። ሙሉ ስሮትል፤ የካርቡሬተር ማሞቂያ ዝጉ፤ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ክፍል) ወደ 20 ዲግሪ፤ የአውሮፕላኑ መመሪያ በሚያዘው ፍጥነት ይውጡ፤ ቀሪውን ፍላፕ ቀስ ብለው ይሰብስቡ። ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ቅልቅሉን) ግን ለከፍታው አስቀድመው ያስተካክሉት፤ በዝቅተኛ ቦታ ልማድ ሙሉ ከተገፋ ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበት ኃይል ያጣል። ከ2,400 ሜትር በላይ ባለው ደብረ ማርቆስማ ይብሳል።

ነጎድጓዱ እስኪያልፍ ለመዞር የ45 ደቂቃ ትርፍ ነዳጅ ይያዙ።